በጠመንጃ አፈሙዝ የተነፋች የገና ኳስ

ሰሞኑን ልጄ ለገና ከወልቂጤ ስትመጣ አንድ ካርቶን ሙሉ የፕላስቲክ ኳስ ይዛ መጣች። ቀይ አለ፣ ወርቅማ አለ፣ የሚያብለጨልጭ አለ። አንዷ ከእጇ አመለጠችና ሲሚንቶው ላይ ነጥራ ነጥራ ሶፋው ሥር ገባች። «አየህ አባዬ፣ አይሰበርም» አለችኝ። እኔ የማይሰበር ነገር አልወድም። የማይሰበር ነገር ማን ይጠነቀቅለታል? ተነሣሁና ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ አሮጌውን ቅል አወረድኩ። ክዳኑን ስከፍተው ሰማያዊዋ ኳስ በቃጫ እንደተጠቀለለች እዚያው አለች። ክብ ናት ለማለት ያስቸግራል፤ በአንድ በኩል ጥርሱን እንደታመመ ሰው ጉንጭ አበጥ ብላለች። ከሥሯ አንድ የታጠፈ ወረቀት አለ። የሁለቱም ታሪክ አንድ ነው።

ልጅ እያለሁ ቡታጅራ ላይ ታኅሣሥ መግባቱን የሚነግረን አፍንጫችን ነበር። ከመስቃን ገጠር በአህያና በጋሪ የሚገባው በርበሬ በየደጁ ሰሌን ላይ ይሰጣና ከተማው በሙሉ ያስነጥስ ነበር። ቄሱም ያስነጥሳሉ፣ ፖሊሱም ያስነጥሳል፣ ሐጂ ሸምሱም ከሱቃቸው ደጅ ተቀምጠው «አልሐምዱሊላህ» እያሉ ያስነጥሳሉ። እኛ ግቢ ግን በርበሬውን የሚያሸንፍ ሌላ ሽታ ነበረ፤ የከሰል፣ የጋለ ብረትና የወናፍ ቆዳ ሽታ። አባቴ ኬርጋ ቀጥቃጭ ነበር። የእኔ ዘመን ሰዎች ቀጥቃጭ የምትለውን ቃል ሲሰሙ ሌላው ሳይነገራቸው ይገባቸዋል። ላልገባው ልጅ ግን በግልጽ ልጻፈው። ለአገሩ ሰዎች ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ ቢላዋውን አባቴ ይሠራላቸዋል፤ እጁን ግን አይጨብጡትም። ዕቃቸውን በራችን ላይ ካለው ድንጋይ ያስቀምጡና ራቅ ብለው ይቆማሉ። እቤታችን ውሃ አይቀምሱም። ቡዳ ናቸው፣ ሰው ይበላሉ ይሉን ነበር። እኔ በበኩሌ ሰው መብላት አምሮኝ አያውቅም። የጠጅ ቤቷ ባለቤት የእትዬ ወርቄ ዶሮ ወጥ አምሮኝ እንደነበር ግን አልክድም።

ገና ሲቃረብ የሰፈሩ ልጆች የገና ዱላቸውን ይዘው ወደ እኛ ይመጣሉ። አባቴ እንጨቱን እሳት እያስነካ ጫፉን ቆልመም ያደርግላቸዋል። የእሱን ያህል ዱላ የሚያሳምር በከተማው አልነበረም። ዱላው ሜዳ ደርሶ ሩሯን፣ ያቺን የእንጨት ኳስ፣ መምታት ሲጀምር ግን እኔ ተመልካች ነኝ። «አንተ ሩሯን ከነካሃት ትሰነጠቃለች» ይሉኛል። አንድ ቀን ነካኋት። ሩሯ ምንም አልሆነችም፤ አንዱ ልጅ በእሷው መትቶኝ የተሰነጠቀው የእኔ ግንባር ነው። ጠባሳው እስከ ዛሬ አለ።

ከጨዋታው ይልቅ ያንገበግበኝ የነበረው ትምህርት ቤቱ ነው። ጠዋት ጠዋት አጥሩ ላይ ተንጠልጥዬ ልጆቹ ፊደል ሲጮኹ አብሬያቸው እጮኻለሁ። ድምፁን አንድም ሳላስቀር አውቀዋለሁ፤ ፊደሉን ግን አላየውም። ጥቁር ሰሌዳው ያለው የእኔ ዓይን በማይደርስበት ግድግዳ ላይ ነው። እንዳልገባ የሚከለክል ሕግ አልነበረም፤ ሕግማ ምን ቸገረው። አባቴ በየዓመቱ ሊያስመዘግበኝ ይወስደኛል፤ በየዓመቱ «ዘንድሮ ሞልቷል፣ ለከርሞ» ይባላል። ነገሩ ወላጆቹ ናቸው። የቀጥቃጭ ልጅ ከልጆቻችን ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ከተቀመጠ ልጆቻችንን እናስወጣለን ብለዋል። እንዲህ እንዲህ እያለ ዘጠኝ ዓመት ሞላኝ።

ያን ዓመት፣ የጃንሆይ ዘመን ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ ከአዲስ አበባ አቶ ታደለ የሚባል ወጣት ዲሬክተር ተዛውሮ መጣ። ሚስቱ ወይዘሮ ሶስና ለገና ዛፍ ማስጌጥ የለመደች የከተማ ልጅ ነበረች። አንድ ሣጥን የብርጭቆ ኳስ ከፒያሳ ገዝታ በአውቶቡስ አስጭና፣ የዚያን ዘመን መንገድ ደግሞ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ሣጥኑ ቡታጅራ ሲደርስ ውስጡ ስባሪ ብቻ ሆኖ ደረሰ። ኬርጋ የማይጠግነው ነገር የለም ብለው ነግረዋት ሣጥኑን አቅፋ እኛ ግቢ ድረስ መጣች። አገሩን ስላላወቀችው ድንጋዩ ጋ አልቆመችም፤ ቀጥ ብላ ገባች። እናቴ ደንግጣ የምታስቀምጥበት ጠፋት።

አባቴ ከስባሪው አንዷን አንሥቶ ወደ ፀሐይ አሻቅቦ አያት። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳች ነበረች። ፈገግ አለ፤ አባቴ ጥርሱን ለደንበኛ የሚያሳይ ሰው አልነበረም። በጎረምሳነቱ ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ገብቶ ሁለት ዓመት አንድ ጠርሙስ የሚነፋ አርመን ዘንድ ወናፍ ይነፋ ነበር።

«ይኼ አይጠገንም እትዬ። አዲስ መንፋት ነው እንጂ።»

«ማን ይነፋል?»

«እኔ።»

«ስንት ታስከፍለኛለህ?»

አባቴ ወደ እኔ በአገጩ አመለከተ። «ይኼ ልጅ አጥራችሁ ላይ እየተንጠለጠለ ሱሪ ጨረሰብኝ። አግዳሚ ላይ አስቀምጡልኝ። ሌላ አልፈልግም።»

በማግሥቱ ዲሬክተሩ ራሱ መጣ። ሃያ ኳስ ለገና ዋዜማ እንዲደርስ፣ ወልዴ ደግሞ፣ ወልዴ እኔ ነኝ፣ በመስከረም አንደኛ ክፍል እንዲገባ ተስማሙ። አቶ ታደለ እጁን ዘረጋ። አባቴ የተዘረጋውን እጅ ትንሽ አየውና የራሱን እጅ በሱሪው ጠርጎ ጨበጠው።

ከዚያ ወዲያ የእኔ ሥራ ስባሪ መልቀም ሆነ። ከጤና ጣቢያው ጀርባ ሰማያዊ የመድኃኒት ጠርሙስ፣ ከአረቄ ቤቶቹ ደጅ አረንጓዴ፣ ከእትዬ ወርቄ ጠጅ ቤት ጓሮ ደግሞ የተሰበረ ብርሌ አግበሰብሳለሁ። ሰካራም ብርሌ በሰበረ ቁጥር እደሰት ነበር፤ ያን ታኅሣሥ ለቡታጅራ ሰካራም ጥሩ ጸባይ እንዳይሰጠው የምጸልየው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። አባቴ ጠበብ ያለ ጉድጓድ ቆፍሮ በጭቃ ለቀለቀና ከሰል ሞላበት፤ መሃሉ ላይ ወፍራም የሸክላ ድስት አስቀመጠ። ስባሪው ድስቷ ውስጥ ይገባል፤ እኔና እናቴ ከግራና ከቀኝ ሁለት ወናፍ እንነፋለን። መጀመሪያ የስባሪው ጠርዝ ይልማል፤ ቆይቶ ሁሉም እንደ ማር ይዝለገለጋል። ቀለሙን ያየ ሰው ጣቱን ነክሮ ሊልስ ያምረዋል።

ለመንፊያ የሚሆን ብረት አባቴ የለውም ነበር። ያገኘው ጣሊያን ጥሎት የሄደውን የጠመንጃ አፈሙዝ ነው፤ አንድ ገበሬ ማጭድ አድርግልኝ ብሎ አምጥቶት ሳይመለስ የቀረ። ጫፉን ድስቷ ውስጥ ነክሮ ያሽከረክረዋል፤ ማሩ ይጠመጠምለታል፤ ያወጣና በሌላው ጫፍ ቀስ ብሎ ይነፋል። ያ አፈሙዝ በጣሊያን እጅ ሳለ ምን እንደተፋ አላውቅም። እኔ ከአፉ ሲወጣ ያየሁት ኳስ ነው።

የመጀመሪያዋ ፈነዳች። ሁለተኛዋ ድንች ሆነች። ሦስተኛዋ አማረች ብለን ሳንጨርስ መሬት ላይ እንዳለች «ጥክ» ብላ ለሁለት ተከፈለች። ያን ጊዜ አባቴ የአርመኑ ሥራ ትዝ አለውና ኳሶቹን እንደጋሉ ትኩስ አመድ በሞላ እንስራ ውስጥ እየቀበረ ሁለት ቀን ያሳድራቸው ጀመር። «ጠርሙስና የተቆጣ ሰው ቀስ እያለ ነው የሚበርደው፤ ካቻኮልከው ይሰነጠቃል» ይለኝ ነበር። አረንጓዴ ስባሪ ከነጭ ጋር ስቀላቅል ደግሞ ይቆጣኛል። ሲሞቁ የተዋደዱ ይመስላሉ፣ ሲበርዱ እንደ ጣውንት ይጣላሉ ይላል፤ እውነቱን ነው፣ የተቀላቀለው ሁሉ ተሰነጠቀ።

ኳሷ ስታልቅ አንገቷን ከአፈሙዙ ይቆርጥና ቀዳዳዋ ላይ ከድስቷ አንድ ጠብታ አንጠብጥቦ ማንጠልጠያ ጆሮ ይሠራላታል። በዚያች ጠብታ ቀዳዳው ይደፈናል፤ የነፋው ትንፋሽ እዚያው ውስጥ ይቀራል። ይህን ነገር ማናችንም ልብ አላልነውም። እትዬ ወርቄ ግን ልብ አለችው።

ገና አምስት ቀን ሲቀረው ሃያዎቹን ኳሶች ቃጫ በተነጠፈበት ቅርጫት ይዤ ዲሬክተሩ ቤት ሄድኩ። እንዳልጥላቸው መሬት መሬቱን እያየሁ ነው የሄድኩት፤ እናቴ ከኋላዬ «ቀስ፣ ቀስ» ትላለች። ወይዘሮ ሶስና በር ላይ ተቀበለችን። አንዷን አንሥታ ፀሐይ ላይ ስታያት ፊቷ በራ። እትዬ ወርቄ ጠጅ ቤቷ ፊት ለፊት ነውና ለማየት መንገዱን ተሻግራ መጣች።

«ይቺ ውስጧ ምን አለ?» አለች።

«ምንም እትዬ ወርቄ፣ ባዶ ናት» አለቻት ወይዘሮ ሶስና።

«ማን ነፋት?»

«ኬርጋ ነዋ።»

«እንግዲያው ባዶ አይደለችም። የኬርጋ ትንፋሽ ነው ያለባት። ሃያ የቀጥቃጭ ትንፋሽ ጣራሽ ሥር ልትሰቅይ ነው? ያውም ልጅ በሆድሽ ይዘሽ? ሌሊት አንዷ ብትፈነዳብሽስ?»

ወይዘሮ ሶስና ኳሷን ቀስ ብላ ቅርጫቱ ውስጥ መለሰቻት። እጇ ወደ ሆዷ ሄደ። አልፈርድባትም፤ የመጀመሪያ ልጇ ነበር። «ወልዴ፣ ለጊዜው መልሰው» አለችኝ፤ ፊቴን አላየችም። እናቴ ቅርጫቱን ከእጄ ወሰደች። በመንገድ ላይ እሷ ቅርጫቱን አቅፋ ከፊቴ ትሄዳለች። እኔ የማስበው ስለ ኳሱ አልነበረም። አግዳሚው ከሥሬ ሲሄድ ይታየኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ዲሬክተሩና ሚስቱ መጡ። አቶ ታደለ ቆቡን በእጁ እያሽከረከረ ቆመ።

«ጋሽ ኬርጋ፣ እኔ በዚህ ነገር አላምንም። ግን ወርቄ ለከተማው በሙሉ ነግራለች። ትንፋሽህን እንዲህ ካሉ ልጅህን ከልጆቻቸው ጎን እንዴት ያስቀምጡልኛል?»

አባቴ ከሰሉን በጉጠት ሲነካካ ቆየ። «የጠሉት ትንፋሼን ነው?»

«እሱን ነው የሚሉት።»

«እሳቴንስ?»

«እሳትማ እሳት ነው።»

«እንግዲያው እሳቱ የእኔ፣ ትንፋሹ የእነሱ ይሁን። ንገራቸው። ነገ ይምጡና ራሳቸው ይንፉ።»

ዲሬክተሩ ሳቀ፤ ከዚያ አባቴ እንዳልሳቀ አየና ሳቁን ተወ።

እነሱ ሲሄዱ አባቴ ቅርጫቱን አቀረበና ኳሶቹን በየቀለማቸው ለይቶ በሦስት ሸክላ ውስጥ አንድ በአንድ መስበር ጀመረ። ስባሪ ጨርሰን ነበር፤ ለነገ የሚሆን ሌላ ጠርሙስ በከተማው አልቀረም። እያንዳንዷ ስትሰበር ትንሽ «ፍ» የምትል ድምፅ ትሰማ ነበር፣ ወይም ለእኔ መሰለኝ። እኔ ሰማያዊዋን ሰርቄ ከወናፉ ጀርባ ደበቅኋት። አባቴ ቆጥሮ ሲጨርስ ወደ እኔ ዞረ። «አሥራ ዘጠኝ ነው» አለ። እኔ ከሰል ጨመርኩ። እሱም ወደ ስባሪው ዞረ። ሃያኛዋን አምጣ አላለኝም።

በማግሥቱ የሆነውን ባስታወስኩ ቁጥር እስከ ዛሬ ብቻዬን እስቃለሁ። ከጠዋቱ ጀምሮ ግቢያችን በሰው ሞላ። ያ ሁሉ ዓመት ድንጋዩ ጋ ሲቆም የኖረ ሰው «እስቲ ልየው» እያለ ገባ። እትዬ ወርቄ ነጠላዋን አጣፍታ ልትቆጣጠር መጣች። መጀመሪያ አፈሙዙ ይታጠብ አለች። እናቴ በአመድ ፈተገችው፣ በውሃ አለቀለቀችው። ይደገም አለች፤ ተደገመ። ሎሚ ይምጣ አለች፤ መጣ። ሰባት ጊዜ ታጠበ። አባቴ ለእናቴ በጉራጊኛ «ውጪውን አጠበችው፤ ውስጡን ማን ያጥብላታል?» አላት። አንድ ወር ሙሉ ትንፋሹም ምራቁም የተመላለሰው በውስጡ ነው። እናቴ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች፤ ወናፉን ይዛ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ሰዉ ከድካም መሰለው።

አቶ ታደለ ቀዳሚ ሆነ። አባቴ ከማሩ ጠምጥሞ አፈሙዙን ይዞ ያሽከረክራል፣ ዲሬክተሩ በዚያኛው ጫፍ ይነፋል። ሳንባው በጠመኔ አቧራ ያለቀ ሰው ነውና፣ ብትተልቅ የዋንዛ ፍሬ የምታህል ኳስ ወጣችለት። ሐጂ ሸምሱ ደግሞ ከሱቃቸው ተነሥተው «አሰላሙ አለይኩም፣ ለበዓላችሁ ሳይሆን ለእሳቱ ነው የመጣሁት» ብለው ጢማቸውን በእጃቸው ሰብስበው ነፉ። የሳቸው ቀጥ ያለች፣ ክብ የሆነች ነበረች፤ ከሁሉ ያማረችው የሐጂ ሸምሱ ናት ተብሎ ተፈረደ። ቄሱ ሰምተው ቅር ሳይላቸው አልቀሩም።

እትዬ ወርቄ ስትመለከት ቆይታ አላስችል አላት። «እስቲ ወዲህ በሉት» አለች። አባቴ «እትዬ ወርቄ፣ ቀስ ብለሽ ነው» ቢላት ማን ሰምቶ። ጠጅ ስትገለብጥ የኖረች ሴት በሙሉ ሳንባዋ ነፋችበት፤ ኳሷ ዱባ አከለች፣ ሕፃናቱ ጮኹ፣ ፈነዳች። ሁለተኛ ሞከረች። ይቺኛዋ ኳስም ዱባ አከለች፣ ግን አልፈነዳችም። ሦስተኛም አልተወችም። እሳቱ አጠገብ ያን ያህል ስትነፋ ጉሮሮዋ ደርቆ ኖሯል፤ እናቴ በቅል ውሃ ይዛ በአጠገቧ ስታልፍ ተቀብላ ጭልጥ አድርጋ ጠጣች።

ግቢው በሙሉ ዞሮ አያት። እትዬ ወርቄ ቅሉን አየችው። እኛን አየችን።

«ምን ታፈጡብኛላችሁ?» አለች። «ሰው ውሃ አይጠማውም?» ቅሉን መለሰችና «ደግሞ ጨምሪልኝ» አለች።

ከዚያ በኋላ ውሃ የማይጠማው ሰው ጠፋ። እናቴ ያን ቀን ስንት ጊዜ ከምንጭ እንደተመላለሰች እኔ ነኝ የማውቀው፤ እንስራዋን ያዘልኳት እኔ ነኝና። ሲደክማት እንኳ አላማረረችም። ወይዘሮ ሶስና በመጨረሻ ቀረበች፤ ትንሽዬ ነጭ ኳስ ነፋችና «ይቺ ለልጄ ናት» አለች። ሁሉንም አመድ ውስጥ ቀበርናቸው።

አቶ ታደለ ሊሄድ ሲል ደብተሩን አወጣ፣ ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ጻፈ፣ ማኅተሙን ከኪሱ አውጥቶ እንትፍ ብሎ መታበትና ወረቀቱን ቀዶ ለአባቴ ሰጠው። «በመስከረም ሲመዘገብ ለመዝጋቢው ትሰጠዋለህ» አለው። አባቴ በሁለት እጁ ተቀበለ፣ ወደ ግንባሩ አስጠግቶ ሳመው። ከዚያ የደበቅኋትን ሰማያዊ ኳስ ከወናፉ ጀርባ አወጣና፣ ለካ ሲያውቅ ነው፣ ሁለቱንም ቅል ውስጥ ከተተልኝ። «የአንተ ናቸው» አለ።

የገና ዋዜማ ዲሬክተሩ ሳሎን ውስጥ አንድ የጽድ ቅርንጫፍ በጣሳ ቆሞ ሃያዎቹ ኳሶች ተንጠለጠሉበት። እንደዚያ ያለ ጎባጣ፣ ድንች ድንች የሚል ጌጥ በፒያሳ አልተሸጠም፤ ግን ማን ፒያሳን አስታወሰ። ሰዉ እየገባ «የእኔዋ የታለች?» ይላል። የእትዬ ወርቄ ዱባ ቅርንጫፉን እያጎበጠችው ነበር። በማግሥቱ ሜዳ ላይ አንድ ልጅ ዱላውን ወረወረልኝና «በእኛ በኩል ሁን» አለኝ። ሩሯን መታሁ። በደንብ ነው የመታኋት።

ይህን ሁሉ ጽፌ እዚህ ላይ ባቆም ደስ ይለኝ ነበር። ግን ታሪኩ እንደዚያ አይደለም። በክረምቱ አቶ ታደለ ተዛወረ። በመስከረም አባቴ ፀጉሬን ላጭቶ፣ አዲስ ቁምጣ አልብሶ ወሰደኝ፤ አዲሱ ዲሬክተር «ስለ እናንተ የነገረኝ ሰው የለም፤ ሞልቷል፣ ለከርሞ» አለ። አባቴ ስለ ኳሱ፣ ስለ እሳቱ፣ ስለተጨባበጡት እጅ ተናገረ። ሰውዬው ሰዓቱን አየ። ተመለስን። እናቴ «ወረቀቱን ለምን አላሳየኸውም?» ስትለው አባቴ ደነገጠ። «ቢወስድብኝስ?» አላት። የእሱ አባት በዘመኑ የመሬት ወረቀቱን ለአንድ ሹም ለማሳየት ሰጥቶ ወረቀቱንም መሬቱንም ዳግም አላየም። ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት ውስጥ ወረቀትና ጥርስ አንዴ ከወጣ አይመለስም ይባል ነበር። ማንበብ ለማይችል ሰው ወረቀት የሚጠቅመው እጁ ላይ እስካለ ብቻ ነው። ስለዚህ ቅሉ ውስጥ ቀረ። እኔም ወናፉ ጋ ቀረሁ።

ለብዙ ዓመታት አቶ ታደለ አታልሎናል ብዬ አምን ነበር። ወረቀቱ ላይ ምንም አልተጻፈም፣ ወይም ስድብ ነው የተጻፈው እል ነበር። አብዮቱ መጣ፤ ከብዙ ዓመታት በኋላም የጎልማሶች መሠረተ ትምህርት እኛ ዘንድ ደረሰ። እኔም ሚስትና ልጅ ይዤ በዚያው ትምህርት ቤት፣ በዚያው አግዳሚ ላይ ጉልበቴ ከጠረጴዛው ሥር አልገባ እያለ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ማን ተቀመጠ? ግንባሬን በሩር የፈነከተኝ ልጅ፤ እሱ በልጅነቱ ገብቶ ከሁለተኛ ክፍል ያቋረጠ ነው። ፊደሉን እኔ አስጠናሁት፤ ድምፁን ከአጥሩ ጀምሮ አውቀዋለሁና። ለመጀመሪያ ጊዜ በራሴ ያነበብኩት ጽሑፍ «እዚህ መሽናት ክልክል ነው» የሚል ነበር። ለአሥር ዓመት የሸናሁበት ግድግዳ ነው። ዕውቀት መጥፎ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሩቅ መሄድ ግድ ሆነብኝ።

አንድ እሑድ ቅሉን አወረድኩና ወረቀቱን ፈታሁ። ለስድቡ ተዘጋጅቻለሁ። አባቴ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። በጣቴ እየተከተልኩ ቃል በቃል አነበብኩት።

«የኬርጋ ልጅ ወልዴ አንደኛ ክፍል ይግባ። ወላጅ ቢቃወም እንዳትመልሱት። የአባቱን ብረት እኔም ነፍቼበታለሁ፤ ምንም አልሆንኩም።»

ከሥሩ ፊርማውና ማኅተሙ አለ። ያን ሁሉ ዓመት የሰደብኩት ሰው ቃሉን ጠብቆልኝ ነበር። ንዴቴን የማሳርፍበት አጣሁ። አባቴን ልቆጣው አሰብኩ፤ ሰውዬው የለም። ከዚያ እጄ ላይ ያለችውን ኳስ አየኋት። እትዬ ወርቄ እውነቷን ነበር፤ ባዶ አይደለችም። እናቴ የወናፉን ቆዳ ሸጣለች፣ አፈሙዙ የት እንደገባ አላውቅም፣ አባቴ ፎቶ ተነሥቶ አያውቅም። ትንፋሹ ግን አለ። አሥራ ዘጠኙ «ፍ» ብሎ ሄዷል፣ አንዱ እጄ ላይ ነው። ቁጣዬ ከዚያ ወዲያ ቀስ እያለ በረደ፤ አልተሰነጠቅሁም።

ዛሬ የምኖረው በብየዳ ነው፤ በርና መስኮት እሠራለሁ፤ ሰዉ እጄን ይጨብጠኛል፣ ወረፋ ይዞ ይለምነኛል። ቀጥቃጭ የሚለኝ የለም፤ ባለ ወርክሾፕ ይሉኛል። ሥራው ያው እሳትና ብረት ነው። ገናም ቢሆን አምሯል፤ በየሱቁ የሚበራና የሚጠፋ መብራት አለ፣ ዛፉም እንደ ጃንጥላ ይታጠፋል። አይፈነዳም፣ አይጎብጥም፤ «የእኔዋ የታለች?» የሚልም የለም፤ ማንም አልነፋበትማ።

ሰማያዊዋን ኳስ ልጄ ባቆመችው የፕላስቲክ ዛፍ ላይ፣ ከላይ፣ ከሁሉ በላይ አንጠለጠልኳት። ከእናቷ ጋር የመጣችው የልጅ ልጄ ሊዲያ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ናት። ወረቀቱን ሰጠኋትና «አያትሽ ዓይኑ ደክሟል፣ ምን ይላል?» አልኳት። ውሸቴን ነው፤ እያንዳንዱን ፊደል በልቤ አውቀዋለሁ። ጣቷን ከቃሉ ሥር እየጎተተች አነበበችልኝ። «እንዳትመልሱት» የሚለው ላይ ስትደርስ ቆመችና ቀና ብላ አየችኝ።

«መለሱት እንዴ አያቴ?»

«ዘግይቶ ገባ» አልኳት። «እስቲ ከመጀመሪያው ድገሚልኝ።»